ገበጣው ስልክ ውስጥ ሲገባ
የጨዋታ ሕግ ከመሬት ወደ ኮምፒውተር ያደረገው ጉዞ



ባለፈው ክረምት እዚህ ቡሌ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የአንድ ከሰዓት የጨዋታ ውድድር አዘጋጅተው ነበር። የክረምቱን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ኳስ ሜዳው ጭቃ ሆኖ ስለዋለ ውድድሩን ወደ አዳራሹ በረንዳ አዞርነውና ገበጣ እንዲሆን ተስማማን። አንድ አናጺ ወንድማችን በሁለት ጣውላ ላይ ጉድጓድ ፈለፈለልን። በጠጠር ፋንታ ባቄላ አቀረብን፤ ቡሌ ለቡና የሚበርድ ደጋ ነው፣ ባቄላና ገብስ ግን አይጠፋም። ሕጉን በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው። ዳኛም እኔው ነበርኩ።

በሁለተኛው ዙር ልጆቹ ዝናብ ሊያስጥሉ የገቡ አንድ የሰፈራችንን አዛውንት እንዲጫወቱ ለመኗቸው። አዛውንቱ ተቀመጡ፣ ባቄላቸውን አንሥተው መዝራት ጀመሩ። የመጨረሻዋ ፍሬ ባቄላ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ አረፈች። እርሳቸው በዚያ ያለውን ሁሉ አፈሱና ቀጠሉ። እንደገና ባቄላ ያለበት ላይ አረፉ፤ እንደገና አፍሰው ቀጠሉ። በፊታቸው የተቀመጠው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጁን ጣውላው ላይ አደረገ።

«አባባ፣ እዚያ ጋ ያቆማል። ተሳስተዋል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ግድግዳውን አሳየሁና ለልጁ ፈረድኩለት። አዛውንቱ አልተቆጡም። ፈገግ ብለው የያዙትን ባቄላ ወደ ጣውላው መለሱ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ጥያቄ አላስተኛኝም። ያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ሕግ የማን ነው? ከአባቴ አልተማርኩትም። ከአያቴም አልሰማሁትም። የተማርኩት ልጅ ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ኖኪያ 3310 ስልክ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ የወሰደኝ መንገድ ነው።

የገበጣ ብዙ ሕጎች

ገበጣ በአገራችን ዕድሜው ረጅም ነው። በየሐና በኤርትራው መጠራ ከተገኙት የአክሱም ዘመን ቅርሶች መካከል የገበጣ ሰሌዳ ይመስላሉ የተባሉ በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ይገኙባቸዋል፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ያደርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው የጻፉልን ብዙ ጊዜ እንግዶች ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቴዎዶር ቤንት እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው መጽሐፉ በሰሜን ያየውን ገበጣ ገልጿል፤ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 18 ጉድጓዶች፣ በእያንዳንዳቸው 3 ጠጠር፣ በድምሩ 54። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በመላው ኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽፏል።

የፓንክረስትን ሥራ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ብዛቱ ነው። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ። ባለ ሦስት ረድፉ በዓለም ላይ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይታወቅም፤ መካከለኛው ረድፍ ለሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ይከፈላል። ወደ እኛ ደቡብ ሲመጣ ደግሞ ኮንሶዎች ላምላሜታ የሚሉትን መዝግቧል፤ 24 ጉድጓድ በሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 2 ጠጠር። በአንዱ አገር የመጨረሻዋ ጠጠር ባለ ጠጠር ጉድጓድ ላይ ስታርፍ ተጫዋቹ ሁሉን አፍሶ ይቀጥላል፤ በሌላው አይቀጥልም። አንዱ ዘንድ አራት የሞላ ጉድጓድ ይበላል፤ ሌላው ዘንድ ሦስት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሕጉ በየወንዙ ይለያያል።

እነዚህ ሁሉ እንዴት አብረው ኖሩ? መልሱ ቀላል ነው። ጨዋታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ስለ ነበር ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ገበጣ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» ተብሎ ነበር። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ትሕትና አለ፤ የእኔ ሕግ ብቸኛው ሕግ አይደለም የሚል ዕውቀት አለ።

አሁን ወደ ስልኩ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 ዊልያም ጁልየስ ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ ከአፍሪካና ከእስያ የገበጣ ጨዋታዎች በመነሣት ካላህ የሚባል ጨዋታ አዘጋጀ። ሁለት ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በጫፍና በጫፍ አንድ አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ። እየዘራህ ስትሄድ በራስህ ማጠራቀሚያ ውስጥም አንድ ትጥላለህ፤ የመጨረሻዋ እዚያ ካረፈች ሌላ ተራ ታገኛለህ። የመጨረሻዋ በራስህ ባዶ ጉድጓድ ካረፈች ፊት ለፊት ያለውን የባላጋራህን ትወስዳለህ። ከዚያ ውጭ ተራህ አለቀ፤ አፍሶ መቀጠል የለም።

ይህ ሕግ አጭርና ለማሽን የሚመች ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ተመራማሪዎች የካላህ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው 3310 ስልክ ላይ ደግሞ ባንቱሚ የሚል ጨዋታ ነበር፤ ሕጉ ከካላህ የመጣ ነው። ያ ስልክ በየገበያው፣ በየመናኸሪያው፣ በየሰፈሩ ገባ። የእኔም ወንድም ያንን ስልክ ከዲላ ይዞ መጣ። እናም አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ያቀናው ሕግ፣ በፊንላንድ ስልክ ተጭኖ፣ ቡሌ ድረስ መጥቶ እኔ እጅ ገባ። እኔ ደግሞ በወረቀት ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የአዛውንቱ ሕግ «ስሕተት» የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ማሽኑ ክፋት አልሠራም። በተሰጠው ሕግ ከማንም በላይ ጎበዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ከተማ በሚገኘው ቭራይ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል አዋሪ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ ገበጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈትተውታል። 144 ፕሮሰሰሮች ለ51 ሰዓት ሠርተው 889,063,398,406 አቀማመጦችን መረመሩ፤ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ጨዋታው በእኩል እንደሚያልቅ አረጋገጡ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግን የተፈታው አንድ ሕግ ነው፤ ጉድጓድ ብትጨምሩበት ወይም «አፍሶ መቀጠል ይቻላል» ብትሉት ያ ሁሉ ስሌት ለአዲሱ ጨዋታ አይሆንም።

የተረሳው ሰንጠረዥ

ከገበጣ ይልቅ የከፋ ዕጣ የገጠመው ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ተማሪ «ሰንጠረዥ» ሲባል ትዝ የሚለው በመጽሐፍ ላይ ያለ የቁጥር መደዳ ነው። ቃሉ ግን ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ የጨዋታ ስም ነው። የአገራችን ነገሥታትና መኳንንት ለዘመናት ተጫውተውታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቷል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1860 የሞተው ዋልተር ፕላውደን ሕጉን በዝርዝር ጽፎ ትቶልናል።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አልነበረም፤ በአንድ ቀለም ጨርቅ ወይም ቆዳ ላይ መስመር ብቻ የተሠመረበት ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ይቁም እንጂ እንደ እርሷ ኃይለኛ አይደለም፤ በማዕዘን አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል።

ይህን ጨዋታ ከዓለም ሁሉ የሚለየው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወረራ ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል ፈጥነው፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ሠራዊት ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ይሆናል።

ሁለተኛው ክብር ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መግደል ያሸንፋል፣ ግን አያስመሰግንም። በደካማ ሠራዊት መግደል ይበልጥ ይከበራል፤ በመደቅ መግደል ደግሞ ከሁሉ በላይ ይወደሳል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያሸንፍም ያስብ ነበር። ይህ ሕግ በሰሌዳው ላይ አልተጻፈም፤ የሚኖረው ዙሪያውን በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ነው።

ፓንክረስት እንደሚለው ጨዋታው የጣሊያን ወረራ ከመጣበት ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በኋላ ጠፍቷል። ይጫወቱት የነበሩት መኳንንት ሲሞቱና ሲበተኑ ሕጉን የያዘ ሰው አልቀረም። ፕላውደንና ሌሎች ባይጽፉት ኖሮ ወረራ የሚባል ነገር እንደ ነበር እንኳ ባላወቅን።

ከሰንጠረዥ ወደ ሚና ጨዋታ

እዚህ ላይ ትንሽ ራቅ ልውሰዳችሁ። ከእናንተ መካከል በዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በላፕቶፕ የሚና ጨዋታ የምትጫወቱ አላችሁ። አንድ ገጸ ባሕርይ መርጣችሁ፣ ጦረኛ ወይም ሌባ ወይም መድኃኒተኛ ሆናችሁ፣ ታሪክ ውስጥ ገብታችሁ የምትወስኑበት ማለቴ ነው። ያ ጨዋታ ከአባቶቻችን ሰንጠረዥ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።

እ.ኤ.አ. በ1780 ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ ቼዝን አስፍቶ የጦር ማስተማሪያ ጨዋታ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ ደግሞ ሰሌዳውን ትቶ በእውነተኛ ካርታ ላይ የሚደረግ የጦር ጨዋታ አቀረበ። በዚያ ጨዋታ ዳይስ ይጣላል፣ ሠንጠረዥ ይነበባል፣ ከሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ደግሞ ዳኛ ይቀመጣል። ሕጉ እየበዛ ሲሄድ መኮንኖቹ ተሰላቹ። እ.ኤ.አ. በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ጄኔራል ሕጉን ቀንሶ ውሳኔውን ለልምድ ላለው ዳኛ የሚተው አማራጭ አቀረበ። «ሕጉ ይብዛ ወይስ ዳኛው ይወስን?» የሚለው ክርክር የተጀመረው እንግዲህ ኮምፒውተር ሳይታሰብ ነው።

ከዚህ የጦር ጨዋታ ዘር እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አሳተሙ፤ በእኛ ቋንቋ ዋሻና ዘንዶ እንበለው። ጥቂት ጓደኞች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል። ተጫዋቹ «በሩን በመስበር ፋንታ ጠባቂውን አነጋግረዋለሁ» ቢል መጽሐፉ ላይ ባይኖርም ዳኛው አስቦ ይወስናል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያን ወላጆች ጨዋታውን ስለ ጥንቆላና ስለ አጋንንት በሚያነሣው ነገር ፈርተው ተቃውመውታል። የሚጫወት ወጣት ስለ ይዘቱ ከወላጆቹና ከመምህራኑ ጋር ቢነጋገር መልካም ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ሕጉ ነው።

ሕጉ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ምን ሆነ?

ኮምፒውተር ሠሪዎቹ በየጊዜው የተለያየ መንገድ ሞክረዋል። እነዚህን ማነጻጸር የእኛን የገበጣ ጥያቄ ያበራልናል።

የመጀመሪያው መንገድ መጽሐፉን እንዳለ መገልበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፑል ኦፍ ሬዲያንስና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ቴምፕል ኦፍ ኤለመንታል ኢቭል በዚህ ይታወቃሉ። ውጊያው እንደ ጠረጴዛው በተራ በተራ ነው። በተለይ ሁለተኛው የሕጉን ሦስት ነጥብ አምስተኛ እትም በጥንቃቄ ስለ ተከተለ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜን መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በካናዳ የተሠራው ባልዱርስ ጌት የሕጉን ሁለተኛ እትም ተጠቀመ፤ ተራን ግን አስቀረ። በመጽሐፉ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ሲሆን በጨዋታው ስድስት ሰከንድ ሆነ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ተጫዋቹ ሲጨንቀው ጨዋታውን አቁሞ ያስባል። ሰዎች ይህን እንደ ትልቅ ፈጠራ አዩት። እኔ ግን ሳነበው ወረራ ትዝ አለኝ። በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስንና በተራ መጫወትን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያስማማው የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ነበር፤ ዳኛው ግን ሰዓት አልነበረም፣ የተቃራኒው ሰው ዓይን ነበር።

ስለ ሁለተኛው እትም ካነሣን አንድ ስሌት ላሳያችሁ። በዚያ እትም የጦር ልብስ ቁጥር ሲያንስ ይሻላል። ማጥቂያ ቁጥሩ 15 የሆነ ጦረኛ የመከላከያ ቁጥሩ 3 የሆነን ጠላት ለመምታት ከ15 ላይ 3 ይቀንሳል፤ በባለ ሀያ ጎን ዳይስ 12 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ነገሩን ገለበጠው፤ መከላከያ ሲበዛ ይሻላል። ያው ጠላት 17 ይሆናል፣ ያው ጦረኛ 5 ይጨምራል፤ ከ17 ላይ 5 ሲቀነስ አሁንም 12 ነው። ዕድሉ ቅንጣት አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው ራስ ድካም ነው። ጠረጴዛ ላይ ይህ ለውጥ ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የሚደምረው ማሽኑ ስለሆነ ብዙ ተጫዋች ልዩነቱን ሳያውቀው አለፈ። ለሰው የተሠራ ሕግና ለማሽን የተሠራ ሕግ ሸክማቸው የተለያየ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የራስን ሕግ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ፎልአውት መጀመሪያ ገርፕስ የተባለ የጠረጴዛ ሕግ ሊጠቀም ታስቦ ነበር። ስምምነቱ ሲፈርስ ሠሪዎቹ ለኮምፒውተሩ የሚስማማ የራሳቸውን ሕግ አዘጋጁ፤ ጨዋታውም ተወደደ።

አራተኛው መንገድ ዳኛውን መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኔቨርዊንተር ናይትስ አንድ ሰው በኔትወርክ ገብቶ ዳኛ እንዲሆን ፈቀደ፤ ጭራቁን በቦታው የሚያስቀምጥ፣ ታሪኩን እንደ ተጫዋቾቹ ሁኔታ የሚለውጥ ሕያው ሰው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቤልጅየሙ ላሪያን ያወጣው ባልዱርስ ጌት 3 ደግሞ ወደ ተራ በተራ ተመለሰ፤ ዳይሱንም በስክሪን ላይ እያንከባለለ አሳየ። በአምስተኛው እትም መጽሐፍ የችሎታ ፈተና ላይ 20 መጣል በራሱ ማለፍ አይደለም፣ 1 መጣልም በራሱ መውደቅ አይደለም። በጨዋታው ግን 20 ሁልጊዜ ያልፋል፣ 1 ሁልጊዜ ይወድቃል። ብዙ ጓደኛሞች በየጠረጴዛቸው ከመጽሐፉ ውጭ የሚያደርጉትን የቤት ልማድ ማሽኑ ተቀበለው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይታየኛል። ጨዋታ ሁለት ነገር ነው፦ ሕጉና ሕጉን የያዘው ሰው። ኮምፒውተር የመጀመሪያውን በደንብ ይሸከማል። ሁለተኛውን ግን ሊተካው አልቻለም፤ የተሻሉት ሠሪዎች ይህን አውቀው ለሰው ቦታ ሊተዉ ሞክረዋል። እነርሱ የጠረጴዛውን ሕግ የጻፈ መጽሐፍ ስላላቸው ምን እንደ ለወጡ ያውቃሉ። ተጫዋቾቻቸውም መጽሐፉን ገልጠው «ይህ ተለውጧል» ይላሉ። እኛ ግን የቡሌን ገበጣ የምንመልስበት መጽሐፍ የለንም። ስልኩ የነገረንን ከምን ጋር እናስተያየው?

ወደ ቡሌ ስመለስ

ከውድድሩ በኋላ በነበረው እሑድ ከሰዓት ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምን አጠፋህ?» አሉኝ፤ ነገሩን ረስተውታል ወይም የረሱ መስለው አለፉልኝ። ደብተርና እስክርቢቶ አውጥቼ ሕጉን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከእኩያ ጋር ሲሆን የተነካ ጉድጓድ ተነክቷል፤ መመለስ የለም። ከትንሽ ልጅ ጋር ሲሆን ልጁ ሁለት ጊዜ እንዲመልስ ይፈቀድለታል፣ ሲጀምርም ጥቂት ፍሬ ይጨመርለታል። ልጁ ማሸነፍ ሲጀምር ጭማሪው ይቀራል፤ «አደገ» ይባላል። ከእንግዳ ጋር ሲሆን በእንግዳው ሕግ አንድ ዙር፣ በባለቤቱ ሕግ አንድ ዙር ይሆናል። ሐዘን ካለበት ቤት ሲሆን አይቆጠርም፤ እጅ ለማሟሟቅ ብቻ ይዘራል።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ከነዚህ አንዱም ስልኩ ላይ የለም። ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ላይም የለም። እኔ እንደ ዳኛ የፈረድኩት ትክክል በሆነ ሕግ ነበር፤ ግን ያ ሕግ በዚያ በረንዳ ላይ እንግዳ ነበር፣ አዛውንቱ ባለቤት። በእርሳቸው ሕግ አንድ ዙር መጫወት ይገባን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍና የጥንት ትክል ድንጋዮቹ በዓለም ፊት ስም አግኝተዋል። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን ድንጋይ ለመቶዎች ዓመታት ቆሞ ጸሐፊውን መጠበቅ ይችላል። የገበጣ ሕግ አይችልም። የሚኖረው በአዛውንቶች እጅ ነው፤ ሰንጠረዥ እንዴት እንደ ጠፋ አይታችኋል።

በስልክ የሚሠራው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት ኩኩሉን ከሠራ በኋላ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቷል። ነገ ከእናንተ መካከል ፕሮግራም የሚጽፍ አንዱ የቡሌን፣ የኮቾሬን፣ የወናጎን ገበጣ በስልክ ይሠራ ይሆናል። ያኔ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተመዘገበ ሕግ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለሚቀጥለው እትም አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በሰፈራችሁ ወዳሉ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ሂዱ። ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ስንት ፍሬ እንደሆነ ጠይቁ። ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚዘራው? የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ላይ ስታርፍ ምን ይሆናል፣ ባለ ፍሬ ላይ ስታርፍስ? ስንት ሲሞላ ይበላል? ጨዋታው መቼ ያልቃል? እያንዳንዱ ነገር በጌዴኡፋ ምን ይባላል? ከዚያ በኋላ እኔ ያላወቅሁትን ጥያቄ ጨምሩ፦ ከልጅ ጋር፣ ከእንግዳ ጋር፣ ከእኩያ ጋር ሲሆን ምን ይለወጣል? ሁለት ሰዎች የተለያየ ቢነግሯችሁ አንዱን አታርሙ፤ ሁለቱንም ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ደግሞ ተቀምጣችሁ አብራችኋቸው ተጫወቱ።

ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቼዋለሁ። በቦታው ሌላ አልለጠፍኩም። በሚቀጥለው ውድድር ዳኛ እንዲሆኑልን አዛውንቱን ጠይቄያቸው «ዝናብ ካልከለከለ» ብለዋል። ያ የአሥራ አራት ዓመት ልጅም ትናንት ማታ ከልምምድ በኋላ ቀርቦ «አፍሶ መቀጠሉን ማን ያሳየኛል?» ብሎ ጠይቆኛል። የአዛውንቱን ቤት አሳይቼዋለሁ።